የማይሰማ መምህር

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የተከታተላችሁ «ፕላዝማ»ን አትዘነጉትም። የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሌሎችም ትምህርቶች ከአንድ ማእከል በሳተላይት እየተሠራጩ በየክፍሉ በተተከለው ቴሌቪዥን ይታዩ ነበር። ዓላማው በጎ እንደ ነበር መካድ አይገባም፤ በጠረፍ ያለው ተማሪ ከአዲስ አበባው እኩል ይማር ዘንድ የታሰበ ነውና። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይን ማየትም ቀላል ነገር አልነበረም።

ነገር ግን ፕላዝማው ይናገራል እንጂ አይሰማም። በእንግሊዝኛ፣ ጆሮ ባልለመደው አነጋገር፣ ፈጥኖ ያስተምራል፤ «ይህን ሥሩ» ብሎ ጥቂት ጊዜ ይሰጥና ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን ይዘረግፋል። መብራት የጠፋ ቀንማ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል፤ ሥርጭቱ ማንንም አይጠብቅም። በዕውቀቱ የተቀጠረው መምህርም በመግቢያና በመዝጊያ በተረፉለት ጥቂት ደቂቃዎች ተወስኖ የቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆነ። እኔን ከሁሉ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ተማሪው የሚጠይቀው አጣ፤ መምህሩም ጠያቂ አጣ።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት አስቡ። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ የተበላሸው እዚያው ይታረምለታል። ብራናም በዘመኑ ቴክኖሎጂ ነበረ፤ መምህሩን ግን ከወንበሩ አላስነሣውም።

በኬንያ ኤኔዛ የተሰኘው ድርጅት ከፕላዝማው በተለየ መንገድ ሄደ። ኢንተርኔት የሌለው የመንደር ልጅ በተራ የእጅ ስልክ፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክት መልመጃ እንዲሠራ፣ ያልገባውንም ጽፎ ልኮ ከእውነተኛ መምህር መልስ እንዲያገኝ አደረገ። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው! ልጁን ግን ይሰማዋል።

ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችንም ፕሮጀክተር ይገዛ፣ መተግበሪያ ይሠራ፣ ትምህርቱ በቴሌግራም ይለቀቅ የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። መልካም ነው፤ በዐረብ አገራት በሰው ቤት ለሚሠሩ እኅቶቻችን ሌሊት የሚያደምጡት የተቀዳ ትምህርት ብቸኛው ጉባኤያቸው ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት ግን ይህን ጠይቁ፦ ያልገባት ልጅ ጥያቄዋን ለማን ትልካለች? መልሱስ በስንት ቀን ይደርሳታል? ይህን የሚሠራ፣ ሰዓት የተመደበለት መምህር እስኪገኝ ድረስ ግዢው ይቆይ።