የስበት ጥያቄ ሮኬት አይጠብቅም

ነፍሳት ወደ ጠፈር መጓዝ የጀመሩት ከሰው ቀድመው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የፍራፍሬ ዝንቦች ቪ-2 በተሰኘ ሮኬት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥተው በሕይወት ተመልሰዋል። በ1982 ደግሞ ቶድ ኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ባቀረበው ሐሳብ የእሳት እራቶች፣ ንቦችና የቤት ዝንቦች በኮሎምቢያ መንኮራኩር ስምንት ቀን ቆይተዋል። ዝንቦቹ ከመብረር ይልቅ በግድግዳው ላይ መራመድን መርጠዋል። የተማሪው ጥያቄ ስለ በረራ ነበር፤ ለሕይወት ዑደት ጥናት ስምንት ቀን አይበቃም። የፍራፍሬ ዝንብ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ ከእንቁላል ተነሥታ እስክትጎለምስ 10 ቀን ያህል ትወስዳለች።

ከሥላሴ ካቴድራል የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ በሆነው የአራት ኪሎ ግቢ የሥነ ሕይወትና የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች ጎረቤታሞች ናቸው። ይህን መሰል ርእስ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሲታሰብ «ተምች በቆሎአችንን እየበላ ስለ ጠፈር ምን አስጨነቀን?» ማለት ይቀናናል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን የአሜሪካ መጤ ተምች ራሱ ፑፓ የሚሆነው በአፈር ውስጥ ነው፤ ሲጎለምስ በጨለማ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ላይና ታችን በምን እንደሚለይ መጠየቅ ቅንጦት አይመስለኝም።

መሣሪያውም ሩቅ አይደለም። ክሊኖስታት ናሙናን በዝግታ እያሽከረከረ የስበትን አቅጣጫ ያለማቋረጥ ይቀያይራል። ስበትን ግን አያጠፋም፤ ይህ መዘንጋት የለበትም። የሚንቀሳቀስ እጭ ወይም የጎለመሰ ዝንብ መሽከርከሩን ራሱን ይሰማዋል፤ ስለዚህ ሙከራው ከቦታቸው በማይንቀሳቀሱት በእንቁላልና በፑፓ ላይ ቢወሰን እመርጣለሁ። በቁም ዘንግ ዙሪያ የሚሽከረከር ማነጻጸሪያም ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሙቀት ነው። የነፍሳት ዕድገት በሙቀት ይፈጥናል፤ በ18 ዲግሪ የፍራፍሬ ዝንብ ትውልድ ሁለት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። የአዲስ አበባ ክፍል ቀዝቃዛ ነው፤ የሞተሩ ግለት ደግሞ አንዱን ብልቃጥ ከሌላው ለይቶ ሊያሞቅ ይችላል። ያን ጊዜ «ስበት ያመጣው ለውጥ» ብለን የምንጽፈው የሞተሩን ሙቀት ይሆናል። ገምጋሚዎች እንዲህ ያለ ንድፈ ሐሳብ ሲቀርብላቸው ስለ ሮኬቱ ከመጠየቃቸው በፊት ቴርሞሜትሩ የት እንደሚቀመጥ ቢጠይቁ ተማሪውን ይበልጥ ይረዱታል።