የልጅ ዝምታ ሁሉ ጨዋነት አይደለም

በአገራችን ሳለን ዝምተኛ ልጅ ምስጉን ነበር። «ጨዋ ነው፣ ሰው ፊት አይናገርም» ይባልለት ነበር። እዚህ ቂርያት ጋት መጥተንም ልጆቻችንን በዚሁ ሚዛን እየመዘንን ሕመማቸውን እንዳናልፈው እፈራለሁ።

ልጃችሁ የተሸከመውን አስቡት። ጎንደር የቀሩ ዘመዶች አሉት። በ2023 በአማራ ክልል ውጊያ ሲነሣ፣ በዚያው ዓመት ከኦክቶበር 7 ጀምሮም በከተማችን አዛቃ ሲጮህ፣ የደነገጠው ትልቅ ሰው ብቻ አልነበረም። በክፍል ውስጥ አዲስ ቋንቋ ይታገለዋል፤ ቤት ሲገባ የባንኩን ደብዳቤ የሚያነብላችሁ እርሱ ነው። የቤቱ አስተርጓሚ የሆነ ልጅ የራሱን ጭንቀት ማን ይተርጉምለት?

«እኛስ ስንቱን ችለን የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ስንችል ጎረቤትና ሽማግሌ አብሮን ተቀምጦ ነበር። ልጁ ግን በሩን ዘግቶ ብቻውን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ድብርትና ጭንቀት ስንፍናም እርግማንም አይደሉም፤ የሚታከሙ ሕመሞች ናቸው። ወንድም ሆነ ሴት ልጃችሁ ሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከጠላ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ በትንሽ ነገር ከተቆጣ፣ ራሴን ሆዴን ማለት ካበዛ አትቆጡት። ጠይቁት፤ ሲመልስም አታቋርጡት።

ከዚያም የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ ዮዔጼቷን፣ አነጋግሩ፤ ወይም ወደ ኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁ ሂዱ። ከ2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምናም የኩፓት ሆሊም ኃላፊነት ነው። በራሱ ሕመም ላይ ግን ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ሌላ ሰው ጠይቁ። «ስሙ ይጠፋል» ብላችሁም አትስጉ፤ ሕጉ ራሱ ከሚለያቸው ጉዳዮች በቀር ሳይኮሎጂስት ምስጢር እንዲጠብቅ ሕግ ያስገድደዋል።

«መሞት ይሻለኛል» ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። ብቻውን ሳትተዉት ወዲያው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ወይም 101 ደውሉ። ለተጨነቀ ሰው የሚያዳምጠው የኤራን ስልክ፣ 1201፣ ቀንና ሌሊት ይሠራል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ልጄ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» በሉት።