ትንሽ አገር፣ ብዙ ወፍ



ይህ እትም ኮስታ ሪካን ያስቃኛችኋል። አገሪቱ በስፋት ከኢትዮጵያ ከ20 ጊዜ በላይ ብታንስም፣ ከ900 የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበውባታል። ሁለት አህጉሮችን በሚያገናኝ ጠባብ ምድር ላይ ከባሕር ዳርቻ እስከ 3,800 ሜትር ከፍታ መዝለቋ ለየወፉ የሚስማማ ማደሪያ ሰጥቷታል።

ከደጋው ደን ባለ ረጅም ጭራውን ኬትዛል ታገኛላችሁ፤ የዱር አቮካዶ ውጦ ፍሬውን እየተፋ ደኑን መልሶ የሚዘራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ብሔራዊ ወፍ ሆና የተመረጠችው ግን ደማቅ ላባ ያላት አይደለችም፤ ዝማሬዋ የዝናብን መምጣት የሚያበስር፣ ገበሬው የሚወዳት ቡናማ ወፍ ናት። ደኑን ላልቆረጠ ባለመሬት ክፍያ የሚፈቅደውን እ.ኤ.አ. የ1996 የደን ሕግም ፈትሸናል፤ ወፎቹ ያለ ዛፍ አይኖሩምና።



አዘጋጁ