«ሁለተኛ ከኋላህ አልቀመጥም!» አለችኝ

ሰሞኑን ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር ናቸው። ይሄኛውንም መጀመሪያ ሳየው የፍቅር መስሎኝ ነበር። ጸሐፊው ራሱ ይናገር፦

«የምኖረው መርጡለ ማርያም ነው። ዕድሜዬ 22 ነው። ወንድሜ ከአረብ አገር በላከልኝ ገንዘብ ሞተር ገዝቻለሁ፤ መንጃ ፈቃድም አውጥቻለሁ። በቅርቡ ባሕር ዳር ሄጄ ዕቃ በማድረስ ለመሥራት አስቤአለሁ። ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እኔ የለመድኩት ጠጠር መንገድ ላይ ጉድጓድ እየሸሹ መንዳት ነው። የከተማውን መስመር እንዴት ልያዝ? ጓደኛዬ ‹መስመር የመኪና ነው፤ ሞተር ጠባብ ነው፤ ዝም ብለህ በመሃል እየሾለክህ እለፍ› ይለኛል። ሁለተኛ፣ እጮኛዬን አንድ ቀን ሞጣ ድረስ ወስጃት ስንመለስ ‹ሁለተኛ ከኋላህ አልቀመጥም!› አለችኝ። ትወደኛለች ወይስ አትወደኝም?»

ወንድሜ፣ ትወድሃለች! ነፍሷንም ትወዳለች። ሁለቱ አይጣሉም። እንዲያውም ያንተ ችግር ሁለት ሳይሆን አንድ ነው። እሷ የፈራችው ሞተሩን አይደለም፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ መወናጨፉን ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው መሪ አልጨበጠ፣ ፍሬን አልረገጠ… ቀጥሎ የት እንደምትሄድ በምን ይወቅ? አንተ ጉድጓዱን ቀድመህ ታየዋለህ። እሷ የምታየው ጀርባህን ነው።

እኔ ሞተር የምነዳው ለሥራ ነው። የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ስለሆነ የመንገድ ምሕንድስና አልተነትንልህም። የማውቀውን ልንገርህ።

አስፋልቱን በነጭ ቀለም የሚከፍሉት መተላለፊያዎች «ረድፍ» ይባላሉ። ረድፍ ለመኪና እንዲበቃ ተደርጎ ይሰፋል እንጂ ሞተር ሲገባበት ለሁለት አይከፈልም። የያዝከው ረድፍ ሙሉው ያንተ ነው! እኛ ጋ ግን ለትልቅ መንገድ መልቀቅ ጨዋነት ስለሆነ፣ ሞተረኛውም ለአይሱዙው ጥጉን ይይዛል። ይሄኔ የአይሱዙው ሹፌር «ይበቃኛል» ብሎ በዚያችው ረድፍ ጎንህን ታክኮ ሊያልፍ ይሞክራል። በቀኝህ የውሃ ቦይ፣ ድንጋይ፣ ድንገት የሚገባ አህያ አለ። ጨዋነትህን ቤት ሽማግሌ ሲመጣ አሳይ። መንገድ ላይ ቦታህን ያዝ።

«ታዲያ ከረድፉ የትኛው ጋ ልሁን?» በል። መኪኖች አንድ ረድፍ ላይ ሁለት የጎማ መንገድ ይሠራሉ፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። መሃል ለመሃል ያለው ዘይትና ናፍጣ የሚንጠባጠብበት ነው፤ በተለይ መኪና በሚቆምባቸው መስቀለኛ መንገዶች። የቀኙ የጎማ መንገድ ለጠርዙ ይቀርባል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የግራውን የጎማ መንገድ መያዝ ይሻላል። ከፊትህ ያለው ሹፌር የተቀመጠው በግራ ስለሆነ በግራ እስፖኪዮው ያገኝሃል። ፊቱን በእስፖኪዮው ውስጥ ካላየኸው እሱም አንተን አያይህም!

ይህ ማለት ግን ግራውን ሙጭጭ በል ማለት አይደለም። ከፊት የሚመጣው አውቶቡስ ደርቦ ወዳንተ ሲመጣ ወደ ቀኝ ሽሽ እንጂ «ረድፉ የኔ ነው» ብለህ አትሟገተው። ጎሃ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ መንገድ የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ተሳቢ መኪና ጠባብ ኩርባ ላይ ሲታጠፍ ሰውነቱ ሁሉ በራሱ ረድፍ አይበቃም። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ መሃል መስመሩን ታክከህ ከገባህ፣ ጭንቅላትህ መስመሩን አልፎ እሱ ረድፍ ውስጥ ነው ያለው! ጎማህ መስመር አልነካም ብትል ማን ይሰማሃል?

መሃል ላይ ያለው መስመር የተቆራረጠ ከሆነ ከፊት ነጻ መሆኑን አይተህ ደርበህ ማለፍ ትችላለህ። ያልተቆራረጠ ከሆነ ግድግዳ ነው በለው። ሁለት መስመር ጎን ለጎን ተሰምሮ አንዱ የተቆራረጠ አንዱ ያልተቆራረጠ ሲሆን ባንተ በኩል ያለውን እይ። መስቀለኛ መንገድ አጠገብ ስትደርስም ያልተቆራረጠ መስመር ታገኛለህ፤ «ምርጫህን ቀደም ብለህ ጨርስ» ማለቱ ነው። ወደ ግራ የሚያሳይ ቀስት ያለበት ረድፍ ውስጥ ገብተህ በመጨረሻ ሰዓት «ለካ ቀጥታ ነበርኩ» ብለህ መጠምዘዝ የለም። ከተሳሳትክ ግራውን ታጠፍና ዞረህ ተመለስ። ቢበዛ ሁለት ደቂቃና ትንሽ ቤንዚን ነው።

(በነገራችን ላይ፣ በቀኝ መንዳት ከአዳም ጀምሮ የነበረ የሚመስላችሁ አላችሁ። አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የሚነዳው። ወደ ቀኝ የተዞረው በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ነው። የዚያን ሰሞን ሹፌሮች እንዴት እንደከረሙ አስቡት!)

ወደ ባሕር ዳር እንምጣ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት የመኪና ረድፍ፣ ከዚያ ውጪ ደግሞ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ተሠርቶለታል። መርጡለ ማርያም ለኖረ ልጅ ሦስት ረድፍ ባዶ ሜዳ ሊመስለው ይችላል። ሜዳ አይደለም። ዕቃ ጭነህ ቀስ ብለህ የምትሄድ ከሆነ የቀኙ ረድፍ ነው ያንተ። የግራው ለሚያልፍና ወደ ግራ ለሚታጠፍ ይተው። የብስክሌቱ መንገድስ? «ሞተር ሳይክልም ሳይክል ነው» የሚል አራዳ አይጠፋም። ብስክሌት የሚነዳ ተማሪ ከኋላው ሞተር ይመጣብኛል ብሎ አይጠብቅም። ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት ከተማ ናት። እዚያ መንገድ ውስጥ እንዳላይህ!

ረድፍ ስትቀይር ቅደም ተከተሉን ልመድ። እስፖኪዮ ታያለህ፣ ፍሬቻ ታበራለህ፣ ትከሻህን አሻግረህ ዞር ብለህ ታያለህ፣ ከዚያ ትገባለህ። ዞር ማለቱን «የፋራ ነው» የሚሉ አሉ። እስፖኪዮ የማያሳይህ ቦታ አለ፤ ባጃጅ የሚደበቀው ደግሞ በትክክል እዚያ ነው። ከገባህ በኋላ ፍሬቻህን አጥፋ። ብዙ ሞተር ላይ በራሱ አይጠፋምና አብርተኸው ከሄድክ አገሩን ሁሉ ታሳስታለህ። አደባባይ ስትደርስ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ስጥ። ወደ ቀኝ የምትወጣ ከሆነ ገና ከመግባትህ በፊት የቀኙን ረድፍ ያዝ።

አሁን የጓደኛህ «መሹለክ» ላይ ደረስን። አሜሪካን አገር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተረኞች በረድፎች መካከል እንደሚያልፉ፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ እንደተፈቀደ እኔም አውቃለሁ። በቪዲዮ አይቶት ይሆናል። እዚያ ግን ሰው በመኪኖች መሃል ሎተሪና ማስቲካ አያዞርም። ታክሲም መሃል መንገድ ላይ ቆሞ በሩን አይከፍትም። ይልቅስ የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፤ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ባለ ሲኖትራክና በጠርዙ መካከል መግባት። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ሹፌሩ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ ሲልልህ «ለቀቀልኝ» ብለህ ገባህ ማለት ነው… ከዚያ በኋላ ቦታ የለም። የፈለገ ቢዘገይ ከኋላው ቁም።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ጠላት ይሆናል። የእርጥብ መስመርና የዜብራ ቀለም ያንሸራትታል። ቀለሙ ላይ ሞተሩን አታጋድል፣ ፍሬን አትያዝበት። ከረጅም ፀሐይ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ አቧራውንና ዘይቱን ስለሚያቦካው እሱን ይበልጥ ፍራው።

ለእጮኛህ ምን ትላታለህ? «ፈሪ» እንዳትላት! ሁለተኛ የራስ ቁር ግዛላት፤ ከራስህ ያነሰ ዋጋ ያለው አይሁን። በጎን መቀመጥ ይቅር። በአንድ ጎን የተቀመጠ ክብደት ሞተሩን ወደዚያው ይጎትተዋል፤ አንተም ረድፍህን ለመያዝ ስትታገል ትወናጨፋለህ። ቀሚስ ከለበሰች ከሥር ሱሪ ትጨምርበት። ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳ ውስጥ ትክተት፤ የኋላ ጎማና ሰንሰለት ነጠላ ይወዳሉ። ረድፍ ልትቀይር ስትል ንገራት። «ወደ ግራ ነኝ» ማለት ምን ያስከፍላል?

አዲስ አበባ ለመምጣት ካሰብክ ግን ዝም ብለህ ነድተህ አትግባ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ከተፈቀደላቸው በስተቀር ሞተሮችን አግዶ ነበር። ዝርፊያና አደጋ በዝቷል ተብሎ ነው። መጀመሪያ ያለውን መመሪያ ጠይቅ።

ባሕር ዳር እንደገባህም በመጀመሪያው ቀን ዕቃ አትጫን። እሁድ ማለዳ መኪና ሳይበዛ ተነስና ድልድዩን ሁለት ሦስቴ ተመላለስበት፤ መጀመሪያ ብቻህን።

ለሳምንት ደግሞ ከአማቷ ጋር አንድ ግቢ መኖር ያቃታትን የደብረ ማርቆሷን እህታችንን ጉዳይ ይዤ እመለሳለሁ። ቸር ሰንብቱ!