ያገለገለ ኤስዩቪ ልትገዙ ነው? ከመኪናው በፊት መንገዳችሁን ተመልከቱ

መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። በየትም አገር ያለው ሕግ ይህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ከአምስት ዓመት በፊት ራቭ4 የገዛ ሰው ዛሬ ሲሸጠው ብዙ ጊዜ ከገዛበት በላይ ብር ይቀበላል። ጎማው አልቋል፣ ሾኩ ደክሟል፣ ወንበሩ ተቀዷል፤ ዋጋው ግን ጨምሯል።

ነገሩ ዕድል ወይም አስማት አይደለም፤ ፖሊሲ ነው። ይህን ሳይረዱ ገበያ መውጣት ደግሞ የቤተሰብን የዓመታት ቁጠባ ለደላላ አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዋጋው ለምን እዚህ እንደደረሰ እንይ፤ ከዚያ ለማን ምን ዓይነት መኪና ይሻላል የሚለውን እናንሳ።

ዋጋውን ማን ሰቀለው?

በየካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና ታክሱ በእድሜው ልክ እንዲከብድ አደረገ። ከዱባይ ርካሽ አሮጌ መኪና ማምጣት ያኔ አበቃ። በጥቅምት 2015 ደግሞ 38 ዓይነት እቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲደረግ አውቶሞቢሎችም ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ መወሰኑን ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ።

እነዚህን አራት ነገሮች ደምሯቸው። አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ ኤስዩቪዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ እንጂ በቦታቸው የሚተካ የለም። ሻጩ የሚሸጥላችሁ መኪናውን ብቻ አይደለም፤ የበሩን መዘጋትም አብሮ ነው የሚሸጥላችሁ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መወደድ የጥራት ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል። በደንብ የተያዘውም ተጋጭቶ በስቱኮ የተሸፈነውም ተቀራራቢ ዋጋ ይጠየቅባቸዋል። ሁለተኛ፣ «መኪና ገንዘብ ማስቀመጫ ነው» የሚለው አባባል አደጋ አለው። ፖሊሲ የሰቀለውን ዋጋ ፖሊሲ ሊያወርደው ይችላል። ነገ እገዳው ቢላላ መጀመሪያ የሚመታው ዛሬ በብድር የገዛው ሰው ነው። ስለዚህ ስትገዙ የምትነዱትን ግዙ፤ በኋላ አተርፍበታለሁ ብላችሁ የማትፈልጉትን አትግዙ።

የነዳጁን ሂሳብ እስኪ እናስላው

የታለመ የነዳጅ ድጎማ በሐምሌ 2014 ሲጀመር የአዲስ አበባ ቤንዚን በሊትር 47.83 ብር ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101.47 ብር ገባ። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ለሂሳብ እንዲመቸን ሊትሩን በ100 ብር ብቻ እንያዘው።

በወር 1,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው እናስብ። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ በወር 180 ሊትር ነው፤ 18,000 ብር። 8 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ 120 ሊትር ነው፤ 12,000 ብር። ልዩነቱ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል። ይህ እንግዲህ የነዳጅ ሰልፉን ሳንቆጥር ነው።

አንድ ጓደኛዬ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ፕራዶ ገዛ። «መከበሪያ ነው፣ ሲሸጥም ያወጣል» ብሎ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ፕራዶው ግቢ ቆሞ እሱ ራይድ ይጠራ ጀመር። መኪናው ምንም አልሆነም። ለእሱ መንገድ የተሰራ መኪና አልነበረም፤ በቃ።

መኪናችሁ በሳምንት የት የት ይሄዳል?

ደላላ «የምን ዓመት ነው የምትፈልጉት?» ይላችኋል። ከሱ በፊት ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው። ወረቀት አውጡና ያለፉትን አራት ሳምንታት ጻፉ።

*ከተማ ብቻ ከሆነ፤* ቤት፣ ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ገበያ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዘመድ ጥየቃ ከሆነ ትልቅ ኤስዩቪ አያስፈልጋችሁም። የምትፈልጉት ከፍታውን ነው፤ ኮብልስቶኑን፣ የፍጥነት መቀነሻውንና የኮንዶሚኒየሙን መግቢያ ሳይነካ የሚያልፍ። ለዚህ እንደ አዲሱ ሱዙኪ ቪታራ ወይም ሃዩንዳይ ክሬታ ያለ አነስተኛ ክሮስኦቨር ይበቃል። አራቱም ጎማ የሚጎትት መሆኑ ለአስፋልት ትርፉ ትንሽ ነው፤ ክብደትና ነዳጅ ግን ይጨምራል።

*ከተማ ሆኖ በወር አንድ ሁለቴ ክፍለ ሀገር ከሆነ፤* መካከለኛው መደብ ነው የሚሻለው። ራቭ4፣ ተክሰን፣ ስፖርቴጅ እዚህ ይገባሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ አየሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከኃይሉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። በወረቀት ላይ «ይበቃል» የተባለ 1.5 ሊትር ሞተር ሰባት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ጣርማ በርን ሲወጣ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ሙሉ ቤተሰብ ይዛችሁ ዳገት የምትወጡ ከሆነ 2 ሊትርና ከዚያ በላይ ወይም ተርቦ ያለው ፈልጉ።

*ፒስታና ጭቃ ከሆነ፤* ፕሮጀክት ላይ የምትሠሩ፣ እርሻ ያላችሁ፣ ክረምት ከበጋ ገጠር የምትገቡ ከሆነ ፕራዶ የተሰራው ለእናንተ ነው። ለብቻው ሻንሲ አለው፣ ከባድ ማርሽ አለው፣ መለዋወጫውና መካኒኩም በየከተማው አለ። በጀቱ ካልደረሰ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሰራው ግራንድ ቪታራ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ብዙዎቹ ቋሚ አራት ጎማ ጎታችና ከባድ ማርሽ ያላቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኤስዩቪ የሚመስል ሁሉ ፎር ዊል አይደለም። ብዙ ራቭ4ና ተክሰን ከፊት ብቻ የሚጎትቱ ናቸው። አዲሱ ቶዮታ ረሽ ደግሞ ከኋላ ብቻ ነው የሚገፋው። ከኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ አትመኑ። ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግና በኋላ ጎማዎች መካከል ዲፍረንሻል መኖሩን አረጋግጡ። ረሽና ግራንድ ቪታራን የመሳሰሉት ከኋላ የሚገፉ ስለሆኑ ዘንጉ ብቻ አያስተማምንም፤ የአራት ጎማውን ማርሽ ወይም ቁልፍ አስነክታችሁ ሞክሩ።

የየሞዴሉ የታወቀ በሽታ

«ቶዮታ አይበላሽም» የሚለው እምነት ብዙ ሰው አስከፍሏል። ከ2001 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) የተሰራው አውቶማቲክ ራቭ4 በኮምፒውተሩ ብልሽት የታወቀ ነው። ማርሽ ሲቀይር ይመታል። ኮምፒውተሩ በጊዜው ካልታየ ካምቢዮውን ይዞት ይሄዳል። ከ2006 እስከ 2008 ያለው ባለ 2.4 ሊትሩ ደግሞ ዘይት የሚበላ አለበት፤ የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ እዩ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ዘይት መቼ እንደተጨመረም ጠይቁ።

የፕራዶው 3 ሊትር ናፍጣ ሞተር ጠንካራ ቢሆንም ኢንጀክተሩ ሲደክም ፒስተን እስከ መሰንጠቅ የሚያደርስ ጣጣ አለው። ጠዋት ሲነሳ የሚያንኳኳና ነጭ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ተክሰን (ከ2004 እስከ 2009) ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ሞተሩ የታይሚንግ ቺንጋ ያለው ነው፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭ ያጣምማል። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፤ ወጪውንም ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ኤሌክትሪኩስ?

በሩ የተከፈተው ለኤሌክትሪክ ነው። የቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ፣ የፎልክስቫገን አይዲ4ና አይዲ6 የመሳሰሉ ክሮስኦቨሮች አሁን ያገለገሉም መሸጥ ጀምረዋል። ሂሳባቸው ያጓጓል። በ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ እንበል። የቤት መብራት ታሪፉን ከእውነቱ አስበልጠን በ10 ብር ብናስበው እንኳ 1,500 ኪሎ ሜትር 3,000 ብር ነው። ከላይ ካየነው 18,000 ጋር አወዳድሩት።

ግን ጥያቄው «መኪናው የት ያድራል?» ነው። የራሳችሁ ግቢና ቆጣሪ ካላችሁ በተራ ሶኬት ሌሊቱን አስር ሰዓት ብትሰኩት ወደ 20 ኪሎዋት ሰዓት ታገኛላችሁ፤ ለከተማ ውሎ ከበቂ በላይ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ መኪናው የጋራ ሜዳ ላይ የሚያድር ከሆነ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ መዞር ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲርቁ ደግሞ ጣቢያው እየሳሳ ይሄዳል።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ስትገዙ ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን ባትሪውን ነው የምትገዙት። የባትሪውን ጤና በመቶኛ በምርመራ መሣሪያ አስነብቡ። በሻጩ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። ለቻይና ገበያ የተሰራው መኪና የቻርጅ መሰኪያው የቻይና ስለሆነ ከጣቢያው ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። «500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚለው የቻይና ቁጥርም ለጋስ ነው፤ በዳገትና በፍጥነት መንገድ ይቀንሳል። ከሥር ባትሪው ተገጭቶ እንደሆነም አስነስታችሁ እዩ።

ስታዩ ምን ታያላችሁ?

— ጠዋት ሂዱ፤ ኮፈኑን ንኩ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ የሚደብቀው ሊኖር ይችላል።
— ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ዘይት ነው፤ ቶሎ የማይጠፋ ነጭ በቤንዚን ሞተር ውሃ ነው፤ ጥቁር ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው።
— ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይመለሳል። የፍሬን ፔዳሉና መሪው ግን አይዋሹም፤ አልቀው 80,000 የሚል ከሆነ ሂሳቡ አልተገናኘም።
— በሻንሲ ቁጥሩ የመጀመሪያ ፊደል ጄ ጃፓን፣ ኬ ኮሪያ ነው። 1፣ 4 እና 5 አሜሪካ፣ 2 ደግሞ ካናዳ ነው። ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ከሆነ ተጋጭቶ ወይም ጎርፍ በልቶት በጨረታ ተሽጦ እንደሆነ ታሪኩ በቁጥሩ ይገኛል። እዚያ ዘመድ ካላችሁ አስፈትሹ።
— እንጦጦን አስወጡት። ሙቀቱ ከጨመረ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ መልሱ እሱ ነው።
— መካኒኩን እናንተ ምረጡ። ደላላው ያመጣው መካኒክ የደላላው ነው።

ወረቀቱ ከሞተሩ ይብሳል

የተበላሸ ሞተር ይጠገናል። የተበላሸ ወረቀት ግን መኪናውንም ገንዘቡንም ይወስዳል። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። እዳና እገዳ መኖሩን አስጣሩ፤ ባንክ የያዘው ሊሆን ይችላል። ዲክላራሲዮኑን ጠይቁ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርላችሁም።

ከሁሉም በላይ «በውክልና እንጨርሰው» ለሚላችሁ እንቢ በሉ። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ሰጪው በማንኛውም ቀን ሊሽረው ይችላል፤ ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮት ያበቃል፣ እናንተም ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ትገናኛላችሁ። ሽያጩን ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ተዋዋሉ፣ ስመ ንብረቱንም ቶሎ አዙሩ።

ለማጠቃለል

በዚህ ገበያ ርካሽ መኪና የለም፤ የሚስማማና የማይስማማ ነው ያለው። ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ መግዣው ላይ አትጨርሱ። ከአስር አንዱን ለጎማ፣ ለዘይት፣ ለፍሬንና ላልታሰበ ነገር አስቀሩ፤ ያገለገለ መኪና የመጀመሪያውን ወር ሳይጠይቅ አያልፍም።

የጎረቤት አስተያየት፣ የደላላ ምክርና የሠርግ ላይ ክብር ነዳጅ አይቀዱላችሁም። ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈው መንገድ ከተማ ብቻ ከሆነ ትንሹን ግዙ፤ ግቢና ሶኬት ካላችሁ ኤሌክትሪኩን በቁም ነገር እዩት፤ ጭቃ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ብቻ ትልቁን ግዙ።

እናንተስ ምን ገጠማችሁ? በቅርቡ የገዛችሁ ወይም የሸጣችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን አካፍሉን። መኪና ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁም ቀብድ ሳይከፍል በፊት አጋሩት።