የአኪሊስ ክራር

በሆሜር «ኢሊያድ» ዘጠነኛ ክፍል፣ ለእርቅ የተላኩት ሽማግሌዎች አኪሊስ ድንኳን ሲደርሱ ጀግናውን ክራር ሲመታ ያገኙታል። ከግሪኮች አዛዥ ከአጋሜምኖን ጋር ተጣልቶ ከጦርነቱ ቀርቷል። ወዳጁ ፓትሮክሎስ ፊት ለፊቱ ዝም ብሎ ተቀምጦ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ አኪሊስ የቀደሙ ጀግኖችን ገድል ያዜማል። ቀንበሩ ብር የሆነው ያ መሣሪያ ራሱ ምርኮ ነው፤ የአንድሮማኬን አባት ገድሎ ከተማውን ሲዘርፍ ያገኘው። ባሏ የትሮዩ ጀግና ሄክቶር ደግሞ ወንድሙን ፓሪስን ሲሰድበው፣ አፈር ላይ በወደቀ ቀን ክራሩ እንደማያድነው ይነግረዋል።

እኛ ጋ ዜማ ከጦሩ ጋር ይዘምታል። አዝማሪው ጀግናውን ያሞግሳል፣ የፈሪውን ስም ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ ማን ወደኋላ ይላል? ጣሊያኖች ይህ ገብቷቸዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዝማሪዎች ከጠንቋዮች ጋር እየተለቀሙ ተረሸኑ። ኦዲሴየስ እንኳ ቤቱን የወረሩትን ሁሉ ሲፈጅ፣ ተገዶ ሲዘፍንላቸው የኖረውን ዘፋኝ ፌሚየስን ምሮታል።

ደርግም ገብቶታል። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲገባ የኪነት ቡድኖች ወጣቱን በዘፈን ቀሰቀሱት። ዜማዎቹ ያምራሉ፤ ችግሩም እሱ ነው። ዛሬ እዚህ ሆመቾ የሰርግ ድንኳን ውስጥ አንዱ ከእነዚያ ዜማዎች አንዱን በኪቦርድ ቢያነሳ፣ ያኔ ያልተወለደው ልጅ ሁሉ ትከሻው ይነሳል። የእኔም ይነሳል።

ይከልከሉ አልልም። የጎደለን ሌላኛው ዘፈን ነው። በ«ኦዲሴ» ስምንተኛ ክፍል ዓይነ ስውሩ ዘፋኝ ዴሞዶኮስ የትሮይን መውደቅ ሲያዜም፣ ከተማዋን በተንኮሉ ያስወደቀው ኦዲሴየስ እዚያው ግብር ላይ ተቀምጧል። የሚዘፈነው የራሱ ድል ነው። ግን ያለቅሳል። ሆሜር ለቅሶውን የሚያመሳስለው ከተማውን ሲከላከል ወድቆ በሚያጣጥር ባሏ ላይ ተደፍታ ከምትጮኽ ሴት ጋር ነው፤ ጠላት ጀርባዋን በጦር እየጎሸመ ለባርነት ይነዳታል። ድል አድራጊው የተሸናፊዋን እንባ አነባ።

አልቃሽማ እኛም አለን፤ የሟቹን ጀግንነት እየቆጠረች ታስለቅሳለች። ሟቹ ግን የወገን ነው። በጦር ሜዳ ዘፈኖቻችን ውስጥ የጠላት ሚስት የምታለቅስበት ግጥም እኔ አልሰማሁም። የሰማ ካለ ይጻፍልኝ፤ ሆመቾ ነኝ።