ለቆራሌ የሚሸጥ መዝገብ

በካዛንቺስ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች «ቆራሌው!» ሲባል ሰምቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቆራሌ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ከብዙዎቻችን ይልቅ የዕቃን ዋጋ ያውቃል፤ መዳቡን ከብረቱ፣ ብረቱን ከፕላስቲኩ ለይቶ ይገዛል። ጠቤ ከእርሱ ጋር አይደለም። ጠቤ ኮምፒውተሩን በኪሎ ከሚያስረክበው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ግን አምስት ደቂቃ ከሚሰስተው ከተማረው ወገኔ ጋር ነው።

እኔ አሮጌ ኮምፒውተርና ሞባይል መነካካት የምወድ ሰው ነኝ። ቤቴ ውስጥ ዊንዶውስ 98 የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ፍሎፒ ዲስክ የሚያነብ ማሽን፣ ቻርጀሩ ቀጭን የሆነ ኖኪያ አለ። ጓደኞቼ «ቅራቅንቦ ሰብሳቢ» ይሉኛል። ይበሉ። በስልኩ ጀርባ የተደረደሩትን ካሜራዎች እየቆጠረ የሚኩራራ ሰው፣ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ያነሳው የእናቱ ፎቶ የት እንደገባ ስትጠይቁት «አሮጌው ስልክ ላይ ቀረ» ይላችኋል። አሮጌው ስልክስ? «ልጆቹ ሲጫወቱበት ሰበሩት።» እንግዲህ ከሁለታችን የማይረባ ነገር የሚሰበስበው ማን ነው?

ነገሩ የግል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የሰፈሩ ሰው ተበተነ። ገላን ጉራ የሄደ አለ፤ ዘመድ ጋ የተጠጋ አለ፤ ሌላ ሰፈር ቤት የተከራየ አለ። ሰው ሲበተን ቶሎ የሚፈለገው መዝገብ ነው። እድርተኛው ማን ነው? ስንት ዓመት ከፈለ? ቤተሰብ ተብሎ የተመዘገበለት ማን ነው? የማውቀው አንድ እድር ይህን ሁሉ በኮምፒውተር ጽፎ ካስቀመጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የእድሩ ጸሐፊ ኮምፒውተሩን ለቆራሌ ከመስጠታቸው በፊት ይዘውልኝ መጡ።

«ልጄ፣ ይኼን ነገር ቫይረስ በልቶታል መሰለኝ። ልጆቹ ፋይሉን አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ቢከፍቱት ሁሉም እንግሊዝኛ ሆነ። እንግሊዝኛም አይደል፤ ምኑም አይነበብ።»

«ጋሼ፣ ምንም አልበላውም። ጽሑፉ አለ፤ ላፕቶፑ ፎንቱ ስለሌለው ነው» አልኳቸው።

አሮጌው ማሽን እያጓራ ተነሳ፤ የእድርተኛው ስም በሙሉ በአማርኛ ተደርድሮ ወጣ። ጸሐፊው እየጮሁ አነበቡት። ከዝርዝሩ ውስጥ ግማሹን የት እንደገባ እያፈላለጉት ነበርና።

ፎንት ያልኩትን ላስረዳ። የአማርኛ ፊደል 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ነው። እነ ቋ፣ ጓና ሏ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ወደ 300 ይጠጋል። የዚያን ጊዜው የኮምፒውተር ፎንት ግን በአንድ ፋይል ከ256 የበለጠ ቦታ አልነበረውም፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቻችን ዘዴ ፈጠሩ። በላቲኑ ፊደል ቦታ የእኛን አስቀመጡ፤ አልበቃ ሲል በሁለትና ከዚያ በላይ ፋይል ከፋፈሉት። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን የጽሕፈት መኪና ላይ ለማውጣት ከደከሙበት ጊዜ አንስቶ ይህ ትግል አልቆመም። እነ አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን ለሠሩልን ሰዎች ባርኔጣችንን ማንሳት ሲያንስ ነው። ችግሩ ሁሉም በየፊናው ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር መስጠቱ ነው። በአንዱ «ለ» የሆነው በሌላው ሌላ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ብቻ ነው።

ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ዕትሙ ለፊደላችን የማይለወጥ ቁጥር ሰጠው። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የሚባል ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ በእጃችን ባለው ስልክ «እንዴት አደርክ» ብለን ስንጽፍ ማንም ጋ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈውስ? በአሮጌው ፎንት መጻፍ የቀጠሉ መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት የከመሩትስ? ውል፣ ቃለ ጉባኤ፣ የክስ ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጥናት፣ የጋዜጣ ጽሑፍ፣ ያልታተመ ልቦለድ... ይህ ሁሉ እንደ እድሩ መዝገብ አለም፣ የለምም።

ይህን ሳነሳ የሚሰጡኝን መልሶች በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

አንደኛው «ወረቀቱ አለ» የሚል ነው። የት? ቢሮ ሲፈርስና ሲዛወር፣ ዶሴ በጆንያ ታስሮ ኮሪደር ላይ ሲከመር ያላየ ሰው ካለ እሱ ይመልስልኝ። ደግሞስ ማን ነው የኮምፒውተሩን ጽሑፍ በሙሉ ያተመው? የታተመው የመጨረሻው ነው፤ ረቂቁ፣ ዝርዝሩና ስሌቱ ማሽኑ ውስጥ ነው የቀረው።

ሁለተኛው «ቆሻሻ ነው፤ ማስወገድ ያስፈልጋል» ይላል። ልክ ነው። የድሮው ባለ ትልቅ ሆድ ሞኒተር መስታወት እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ ሜዳ ላይ መጣል የለበትም። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በ2010 ዓ.ም. ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ አውጥቷል። እኔ ሳጥኑ ይቀመጥ መቼ አልኩ? ሳጥኑ ይሂድ፤ ጽሑፉ ይቅር ነው የምለው። አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ሲያስወግድ ወንበሩ ሳይቀር በመለያ ቁጥሩ ይመዘገባል። የተሰበረ ወንበር ስም ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የሃያ ዓመት ቃለ ጉባኤ የማይገባበት አሠራር እንዴት ያለ አሠራር ነው?

ሦስተኛው «ገንዘብና ባለሙያ የት አለ?» ነው። ይኼኛው ነው የሚያስቀኝ። አለቃው ስልክ ለመቀየር ብር የሚያገኝ መሥሪያ ቤት ሃርድ ዲስክ ለመገልበጥ ይቸገራል። ሥራው እኮ ይኸው ነው፦ ሃርድ ዲስኩን መንቀል፣ በማገናኛ ገመድ አዲስ ኮምፒውተር ላይ መሰካት፣ ፋይሉን ከነፎንቱ መገልበጥ፣ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም መቀየር፣ ከዚያ አንብቦ ማረም። ቅጂውን ሁለት የተለያየ ቦታ ማስቀመጥ። ይህን ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት ከአንድ አማርኛ አዋቂ ጋር ሆኖ ይሠራዋል። ከባዱ ማረሙ ነው፤ እሱም ቢሆን ከፍተኛ ሳይንስ አይደለም።

የሚያስቸኩለን ደግሞ ጊዜው ነው። ሶኒ ፍሎፒ ዲስክ መሸጥ ካቆመ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁጠሩት። ዲስኩ ላይ ያለው መግነጢስ በየዓመቱ ይደክማል፤ የቆመ ሃርድ ዲስክም አንድ ቀን አልነሳም ይላል። ወረቀት እንኳ ምስጥ ቢበላው ቁራጩ ይነበባል። ዲስክ ግን ሲሞት ብዙውን ጊዜ እንዳለ ነው የሚሞተው።

የካዛንቺስ ስም የመጣው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለሠራተኞቹ ቤት ካሠራበት ድርጅት ምህጻር፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ነው። ወራሪው የጻፈውን ወረቀት በየመዝገብ ቤቱ ጠብቆ አቆይቶታል፤ ተመራማሪ ዛሬም ሄዶ ያነበዋል። እኛስ በዚያው ሰፈር፣ በገዛ ፊደላችን፣ በገዛ እጃችን የጻፍነውን? የቂርቆስ ልጅ የአያቱን የእድር መዝገብ የት ሄዶ ነው የሚያነበው? አገሩ በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ያቋቋመው ለብራና ብቻ ነው ያለ ማን ነው?

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ብዙም አይደለም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊም ይሁን የእድር ዳኛ፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም ይሁን የቤት አባወራ፣ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ከደጁ ከማውጣቱ በፊት «ውስጡ ያለው የት ተቀመጠ?» ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ይኑረው። መልስ ከሌለ ፊርማ አይኑር። ቆራሌው እንደሆነ የሚከፍለው ለብረቱ ነው። የቀረውን ኪሳራ የምንከፍለው እኛ ነን።